በመጋዘን የጠጣነው የማርያም ጽዋ

የእህል መጋዘን ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ማሰሪያ ቦታ ሲጠባቸው መጋዘኑን እስር ቤት አደረጉት። ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ፣ በፒካፕ ጭነው አመጡኝ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዝ ሽታ ነው። ነቀዝ የበላው ስንዴ ይሸታል፤ የገጠር ልጅ ያውቀዋል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሴቶቹን አየሁ። ግድግዳውን ተደግፈው በሩን ያያሉ እንጂ እኔን አያዩም።

የተያዝኩት በወረቀት ነው። አንድ ደንበኛ ያመጣውን የተከለከለ ገጽ አባዝቻለሁ። አላነበብኩትም ብዬ አልዋሽም። መርማሪው ግን ማባዛቴን ብቻ ሳይሆን፣ የተረፈውን ቤቴ ወስጄ ከዱቄት ጣሳው ሥር መደበቄን ያውቃል። ያንን የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ደባሌ። ከገሳይ የመጣች፣ አንድ ክፍል ተከራይተን ሁለት ዓመት አንድ ፍራሽ ላይ የተኛን ልጅ። መርማሪው መጀመሪያ ጣሳውን ጠራ። ዱላው ከዚያ በኋላ መጣ። እውነቱን ለመናገር ከዱላው ይልቅ ጣሳው ነው ያመመኝ።

መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ነገር ይፈራል። አንዱ በሩ ነው። ብረቱ ሲንቋቋ ወሬው ሁሉ ይቆማል፤ የጎረሰች አትውጥም። ስም ይጠራል፤ የተጠራችው ጫማዋን ትፈልጋለች። ሁለተኛው ጠቋሚ መባል ነው። በገባሁ በሳምንቱ አንዲት ሴት ጠቋሚ ናት ተባለች። ማን እንዳለው አይታወቅም። ሽንት ከሚሸናበት ባልዲ አጠገብ አስተኟት። ማንም አላናገራትም፤ እኔም ጀርባዬን ሰጠኋት። መብላት ተወች። አንድ ጠዋት በቃሬዛ ወሰዷት፤ አልተመለሰችም። ጠቋሚ ትሁን አትሁን ዛሬም አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት በሩ ተከፈተና ደባሌ ተገፍትራ ገባች። ከንፈሯ አብጧል። አየችኝና ወዲያው መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ከኔ በቀር ምን እንዳደረገች የሚያውቅ የለም። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ቦታዋ ባልዲው ጋ ነው። ሦስት ቀን ቃሉን አፌ ውስጥ ሳንከባልለው ሰነበትኩ። ውሃ አቀብሉኝ ለማለት አፌን ስከፍት እንኳ ትከሻዋ ይሰበሰብ ነበር።

በአራተኛው ቀን ማርያም ሆነ፤ ወሩ በገባ ሃያ አንድ። የመጋዘኑ ታላቅ ከአንበሳሜ በኩል የመጡ የቄስ ሚስት ናቸው። ልጅዎን አምጡ ተብለው ነው የታሰሩት። እማማ እንላቸዋለን።

«የማርያም ዕለት ጽዋ ሳይጠጣ አይዋልም» አሉ።

«ጠላው በየት በኩል ሊገባ ነው እማማ?» አለች አንዷ።

«ዘበኛው ቀምሶ ያስገባልን!»

«እሱ ከቀመሰውማ የሚደርሰን ጋኑ ነው።»

ሳቅን። እማማ በፕላስቲክ ጆግ ውሃ አስቀዱ፣ ነጠላቸውን አለበሱት። ከቤት ስንቅ የመጣላቸው ዳቦ አዋጡ። ጸሎት ተደረሰ።

ማኅበር የጠጣ ሰው ሥርዓቱን ያውቃል። ጽዋው ከመከፈቱ በፊት የተቀያየመ ይጠየቃል፤ ቂም ተይዞ አይጠጣም። እኔ ረስቼው ነበር።

«የተቀያየማችሁ አላችሁ?» አሉ እማማ። ሁለት ሴቶች በብርድ ልብስ ተጣልተው ነበር፤ እየተገፋፉ ተሳሳሙ። «ሌላስ? ኋላ እመቤቴን እንዳታስቀይሟት።»

ያን ያህል ጸሎተኛ አይደለሁም፤ ቂም ይዞ የማርያምን ጽዋ መጠጣት ግን አልደፍርም። ብናገር ደግሞ ልጅቱ አለቀላት። ቃሬዛው ዓይኔ ላይ መጣ። ቀና ስል ደባሌ አፏን ከፍታለች። ልትናገር ነው። ራሷን ልታጋልጥ ነው። ቀደምኳት።

«እኛ አለን። እኔና እሷ።»

ሁሉም ዞረ። «ገና አሁን መግባቷ አይደል? ምን አደረገችሽ?» አለች በሩ ጋ የምትተኛዋ። ያችን ጠቋሚ የተባለችውን ሴት ባልዲው ጋ ያስተኛቻት እሷ ናት። ዓይኗን ከደባሌ ላይ አልነቀለችም።

«ወንድ ቀማችኝ።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ።

«ውይ አንቺ! ለወንድ ነው እንዲህ ስትጠቁሪ የሰነበትሽው?»

«ደህና ወንድማ ቢሆን ለአንዳችሁ ስንቅ ያመጣ ነበር!»

እማማ አልሳቁም። እኔን አዩ፤ የእሷን ያበጠ ከንፈር አዩ። «በደሏን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኛ አንጠይቅሽም» አሉ። «ይቅር በያት ልጄ።»

ተነሳሁ። ወደ እሷ ሄድኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። እሷ ቃሉን ጀምራ መጨረስ አቃታት። ትከሻዋን ስስም በጆሮዬ፣ «እናቴን እናመጣታለን ስላሉኝ ነው» አለችኝ።

«ዝም በይ። ጠጪ።»

ጆጉ ሲደርሰኝ ተጎነጨሁና በእጄ ሰጠኋት። ውሃው የብረት በርሜል ጣዕም ነበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎኔ ተኛች፤ ብዙም ሳንነጋገር።

ስፈታ የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። የማርያም ጽዋ ፊት መዋሸቴ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ለውሸቱ ስግደት ሰጡኝ።

«ይቅርታውስ አባ? ከልቤ ይሁን አይሁን አላውቀውም» አልኳቸው።

«ልብሽ እስኪመጣ ብትጠብቂ ኖሮ ልጅቱ ምን ትሆን ነበር?» አሉኝ።

እሷ አሁንም እዚሁ ከተማ ናት። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንሳሳማለን፣ ከዚያ ሁለታችንም እንቸኩላለን። ቤቴ ጠርቻት አላውቅም፤ እሷም አልጠራችኝም። ስግደቱን በሳምንት ጨረስኩት። ሌላው ገና ነው። ጠዋት አባታችን ሆይ ስል «የበደሉንን» የሚለው ላይ ስደርስ ስሟን እጨምርበታለሁ። አንዳንድ ቀን ቶሎ ይወጣልኛል። አንዳንድ ቀን እቆያለሁ፣ ቁርሴ እስኪቀዘቅዝ። ሳልጨምረው ግን አልነሳም።