መንገድ ላይ የሚቀር ቮልት

የፊዚክስ መምህር ሆኜ አዲስ አበባ ስመደብ የተከራየሁት ክፍል ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት፣ የመብራት ምሰሶው ካበቃበት በላይ ነበር። ክፍሉን ቀን አይቼ ወደድኩት። ማታ ማብሪያውን ስጫን አምፖሉ በራ ለማለት ይከብዳል፤ ቀላ ብቻ አለ።

ምሰሶው የቆመው ከታች፣ መንገዱ ዳር ነው። ከዚያ አንድ ቀጭን ገመድ በባሕር ዛፎቹ መሀል ሽቅብ ተጎትቶ አከራዬ ቤት ይገባል፤ ከእሳቸው ቤት ደግሞ ወደ እኔ ይቀጥላል። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ነበሩ። "እንደምን አደሩ እማማ?" እላለሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። በቃ፣ የዕለቱ ጨዋታችን አለቀ።

ክፍል ገብቼ የማስተምረውም ይህንኑ የገመድ ነገር ነበር። የሚገፋው ቮልቴጅ፣ የሚፈሰው ከረንት፣ ፍሰቱን የሚያስቸግረው ሬዚስታንስ ነው እያልኩ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ገመድ ሲቀጥንና ሲረዝም ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ብዙ ከረንት ከተሳበበት ቮልቴጁ መንገድ ላይ ተበልቶ ይቀራል። ተማሪዎቼ ይህን ለፈተና ይሸመድዱታል። እኔ ግን ከሁለት መቶ ሃያው ቮልት የተረፈችውን ይዤ የተማሪዎቼን ደብተር ለማረም አምፖሉ ሥር ወንበር ላይ እቆም ነበር።

ቀስ በቀስ ግን አምፖሌን ማንበብ ለመድኩ። አመሻሽ ላይ ድንገት ደብዘዝ ካለ እማማ የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን ሰክተዋል ማለት ነው። ቶሎ ከተመለሰ ሻይ ነው፤ ከቆየ ሽሮ። መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም የደረሳት ልጃቸው እሑድ ስትመጣ አምፖሉ ከሰዓቱን ሙሉ እንደቀላ ይውላል፤ ያን ጊዜ እዚያ ቤት ሳቅ እንዳለ አውቃለሁ።

የእኔ ተራ የካውያ ነበር። አንድ ደህና ሱሪ ብቻ ስለነበረኝ የጠመኔውን ብናኝ አራግፌ በየማታው እተኩሰዋለሁ፤ መምህር ተጨማዶ አይገባም ብዬ። በዚያ ዳገት ወግ ግን በአንድ መስመር ሁለት ከባድ ነገር አብሮ አይሰካም። "ጨረሱ ወይ?" ተብሎም አይጠየቅም። ቁጭ ብለህ አምፖልህን ታያለህ፤ ሲደምቅ ተራው ያንተ ነው። እኔና እማማ ቃል ሳንለዋወጥ ማታ ማታ እንዲህ ተራ እንጠባበቅ ነበር።

ሰው አልነበረኝም። ዘመዶቼ ሩቅ ናቸው። አብረውኝ የሚያስተምሩት ደወል ሲደወል ታክሲ ለመሻማት ይበተናሉ። ዳገቱን ብቻዬን ስወጣ የሚከብደኝ ብርዱ አልነበረም፤ ብቀር እንኳ ቀረ የሚለኝ ሰው አለመኖሩ ነበር። ገባ ወይስ አልገባም ብሎ የሚያስብልኝ አንድ ሰው ተመኘሁ። ስለዚህ አምፖሉ ሲደበዝዝ እኔም የላምባ ምድጃዬን እለኩሳለሁ፤ ከእማማ ጋር ራት አብረን የምንሠራ ይመስለኛል። ሞኝነት ነው፣ ግን ራቱ ይበላልኝ ነበር።

እንዲህ እየኖርኩ ዕውቀቴ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ደጃቸው ላይ ቆሜ፣

"እማማ፣ ይሄ ገመድ እኮ ቀጭን ነው። በወፍራም ቢቀየር መብራቱ አይደክምም" አልኳቸው።

"እኔን ምን አስቸገረኝ?" አሉ።

"ተራ መጠበቁ ይቀርልናል። እርስዎም እንዳሻዎት ምድጃዎን ይሰካሉ፣ እኔም ካውያዬን።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ እኔን መጠበቅ ከሰለቸህ ይቀየር።"

እሺታቸውን ብቻ ሰማሁ። ሲግናል ሰፈር ካለ ሱቅ ወፍራም ገመድ ገዛሁ፣ ባለሙያ ጠራሁ፣ ከምሰሶው እስከ ክፍሌ ድረስ ተቀየረ። ያን ማታ አምፖሌ እንደ ወተት ነጣ። በደስታ ሱሪዬን ተኮስኩና ተቀምጬ መጠበቅ ጀመርኩ። አምፖሉ ንቅንቅ አላለም። በማግስቱም እንደዚያው። እማማ ራታቸውን ሠርተው ይሆን? ሻይ ነው ወይስ ሽሮ? የማውቅበት መንገድ ጠፋ። ክፍሌ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ የሚታየው ግን አልጋ፣ ወንበርና እኔ ነን። ሬዚስታንሱን የቀነስኩት እኔው ስለሆንኩ የምናደድበት ሰው እንኳ አጣሁ።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ልጃቸው ፒካፕ ይዛ መጣች። እናቷ ዳገት ላይ ብቻቸውን መኖራቸው አላስተኛ ብሏት ወደ መሪ ልትወስዳቸው ነው። ዕቃ በመጫን አገዝኳት። እማማ ጋቢና ገብተው ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ክንዴን ያዙኝ።

"እኔ እኮ አምፖሌ ደከም ካላለ በሬን አልዘጋም ነበር" አሉኝ።

አልገባኝም።

"ካውያህን ስትሰካ ነዋ! 'ልጁ በሰላም ገባ' እልና በሬን እቀረቅራለሁ። ይሄ ወፍራም ገመድህ ከመጣ ወዲህ መግባትህን በምን ልወቅ? እንዳላይህ ዛፉ ይጋርደኛል። ስንት ማታ እኮ ደጅ ቆሜ የእግርህን ኮቴ ሳዳምጥ አመሸሁ፣ በዚህ ብርድ።"

"እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"መጠበቅ ሰለቸኝ ያልከው አንተ አይደለህ?"

አላልኩም ልል ፈለግሁ። ልጃቸው ሞተሩን አስነሳች፤ ፒካፑ ፍሬን እየያዘ ቁልቁለቱን ወረደ።

ክፍሌ ገብቼ ካውያውን ሰካሁ። የሚተኮስ ልብስ አልነበረኝም።