አጎቴ ውሃ የሚለኩበት ገመድ

ጓንግ ወንዝ ዳር የቆምነው አራት ነበርን። ሾፌሩ ትራክተሩ ላይ፣ ምጥ የያዛት ልጄ ተሳቢው ላይ፣ እኔ ከጎማው አጠገብ፣ አጎቴ ውሃው አፋፍ ላይ።

«አባባ፣ ውሃው እኮ ተኝቷል! ዓሣ ሊያጠምዱ ነው?» አለ ሾፌሩ።

አጎቴ ድንጋይ ያሰሩበትን ገመድ ወረወሩ። በክረምት ወንዙን ሳይለኩ ተሻግረው አያውቁም። በወጣትነታቸው ምጽዋ መርከበኛ ነበሩ። «የባሕር ትልቁ ማዕበል ከላይ አይታይም፤ በጥልቁ ይሄድና ወለሉ ዳገት ሲሆንበት ተሰብሮ ሁሉን ያተራምሳል» ይሉ ነበር።

ገመዱ እጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። «ከሥር ይታመሳል። እንዳትገባ።»

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው!» አልኳቸው።

«ከገባን ሁለቱንም ታጫቸዋለሽ።»

ተቆጣሁ፤ እሳቸው ገመዱን ደግመው ወረወሩ። ጥቂት ቆይቶ ልናልፍበት ካልነው ቦታ ላይ አንድ ሙሉ ግንድ ከውሃው ሥር ፈንቅሎ ወጣ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። የልጅ ልጄ ከወንዙ ወዲህ፣ ዛፍ ሥር ተወለደ።

በሌላ ክረምት፣ አጎቴን በቀበርን በሳምንቱ እዚያው መሻገሪያ ደረስኩ። ውሃው ጸጥ ብሏል። ያው ሾፌር «እትዬ፣ እንግባ?» አለኝ።

አፋፉ ላይ የቆመ ሰው የለም። ከተሳቢው ወረድኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።