በእናቴ እንሰት ፋንታ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የልማት ሠራተኛ ሶዶ ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። ሴቶች ሲሰበሰቡ ስለ ገቢ እንድናገርላት ፈልጋ ነው። «ቲቸር፣ እርስዎ ጠንካራ ሴት ነዎት፤ ምሳሌ ይሆኑናል» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ለወሬ አልሰንፍም። ያን ቀን ግን ወዲያው እሺ አላልኳትም። ስለ ሴትና ስለ ገቢ በተነሳ ቁጥር እናቴ ትመጣብኛለች።

አረካ አጠገብ ባለው ቀበሌያችን ጓሮ የሴት ነበር። ከቤት ፊት ያለው በቆሎ የአባቴ ነው፤ ከኋላ ያለው እንሰት ግን የእናቴ። የትኛው እንደሚቆረጥ፣ ቆጮው ለማን እንደሚሰጥ፣ ምን ያህሉ ገበያ እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት። አባቴ አንዲት ቅጠል ለመቁረጥ እንኳ ያስፈቅዳት ነበር። በልግ ላይ የየቤቱ እህል ሲያልቅ ጎረቤት የሚመጣው ወደ እሷ ነው።

እኔ ሶዶ ለመምህርነት ስሰለጥን ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ለክረምት ስመለስ፣ ቆጮ በጎመን እየበላን ሳለ፣ ስብከቴን ጀመርኩ። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዝንጅብል ግን በዓመቱ ይሸጣል፤ እንሰቱን ነቅለን እሱን እንትከል አልኩ።

«እማ፣ ሴት የራሷ ገቢ ሊኖራት ይገባል» አልኳት፣ ክፍል ውስጥ የሰማሁትን።

«አሁን የለኝም እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

አባቴ ሳቀ። «የተማረ ይግደለኝ! ልጅሽ የምታውቀውን ነው የምትነግርሽ።»

ሁለት ሳምንት አሰበችበት። ከዚያ እሺ አለች። አባቴን ፈርታ አይመስለኝም፤ አስተምራ ያሳደገቻትን ልጅ አላምንሽም ማለት ከብዷት ነው። «ግማሹን እናስቀረው» ብላ ነበር። ለዝንጅብሉ ጥላ ይሆንበታል ብዬ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የደረሰው እንሰት ተነቅሎ ለቆጮ ተፋቀ፤ ለጋው ለከብት ሆነ።

ዝንጅብሉ አማረ፤ እኔም ኮራሁ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ከነጋዴ ጋር የሚዋዋለው ወንድ መሆኑን ነው። ከእናቴ ጓሮ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ወደ አባቴ ኪስ ገባ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልማዱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለክረምት ስመጣ፣ እናቴ እፊቱ ቆማ «ጨው አልቋል» ስትለው ሰማሁ። ልመና ነበር። እናቴ በዚያ ድምፅ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ወጥቼ ከቤት ጀርባ አለቀስኩ።

ኋላ ዝንጅብሉን በሽታ ጨረሰው። እናቴ ከጎረቤት ችግኝ ለምና እንሰት እንደገና ተከለች፤ ሳይደርስላት ሞተች። ለለቅሶዋ ከየቤቱ ቆጮ መጣ። አንዲት ጎረቤታችን እንባዋን እየጠረገች «ስንቱን ያበላች ሴት፣ ከገዛ ጓሮዋ አንድ ቁራሽ ሳይቀርብላት» አለች። አጠገቧ ነበርኩ፤ ነገሩ ከማን እንደመጣ አታውቅም።

ለልማት ሠራተኛዋ እመጣለሁ አልኳት። ዛሬ ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ባጃጅ ገዝተው የሚያሠሩ ሴቶችን ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ስለ ጥንካሬዬ ግን አላወራላቸውም። እናቴን ስለ ገቢ ያስተማርኳት የነበራትን ከእጇ አስጥዬ ነው፤ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ይቅር በይኝ የምልበት ብዙ ክረምት ነበረኝ። አላልኳትም።