ሀጂ ከድር «አልመርቅም» ያሉ ዕለት

ሮቤ ከተማ፣ የግብርና ጥናት ጉባኤ በሚያዘጋጅ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ዶክተር ታደሰ አዳራሹን አላሳዩኝም። በቀጥታ ወደ ጓሮ ወስደው ዛፎቹ ሥር የተከመሩትን የፕላስቲክ ወንበሮች አሳዩኝ።

«ጥናት የሚቀርበው ውስጥ ነው። እዚህ ገበሬና ተመራማሪ ያለ ጽሑፍ ያወራሉ። የጎን ውይይት እንለዋለን። ካማረልሽ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ፤ ከተበላሸ ግን አንቺም ትሰናበቻለሽ፣ የጎን ውይይቱም ይቀራል።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ወንበሮቹን ክብ አድርጌ ደረደርኩ፤ ማይክና ሞንታርቦ አስመጣሁ። ስለ ገብስ ዘር እንዲነጋገሩ ከጎሮና ከገሰራ ገበሬዎች፣ ከተመራማሪዎቹ ደግሞ ብሩክ የሚባል ወጣት ጠራሁ። በአገሩ ደንብ ስብሰባ የሚከፈተው በምርቃት ነው። ስለዚህ በዕድሜ የሚበልጡትን የጎሮውን ሀጂ ከድርን እንዲመርቁልን ለመንኳቸው።

የውይይቱ ዕለት ሀጂ «አካም ጅርቱ? ደህና ናችሁ?» እያሉ የሁሉንም እጅ ጨበጡ። ብሩክ ዘግይቶ መጥቶ ዳር ላይ ቁጭ አለ። ሀጂ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ብሩክን አዩት። ተመልሰው ተቀመጡ።

«አልመርቅም።»

ክው አልኩ! ጎንበስ ብዬ «ሀጂ፣ ምን አጠፋን?» አልኳቸው።

«አንቺ ምንም። ቂም ይዤ እጄን ለዱዓ አልዘረጋም። ዋላሂ፣ አይሆንልኝም።»

ዶክተር ታደሰ ከኋላዬ መጥተው «ሌላ ሽማግሌ ፈልጊ፣ ቶሎ!» አሉኝ። የገሰራውን አቶ ደጀኔን ጠየቅኩ። «እንዴ! እሳቸው እምቢ ያሉትን እኔ ብመርቅ፣ ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ገበሬዎቹ በኦሮምኛ መንሾካሾክ ጀመሩ። አንዱ ሊሄድ ዱላውን አነሣ።

«በቃ፣ ምርቃቱን ተይውና ወደ አጀንዳው ግቢ» አሉ ዶክተር ታደሰ።

ያለ ምርቃት ብጀምር ገበሬዎቹ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ካልጀመርኩ እንጀራዬ ይቀራል። ደግሞ ንድድ አለኝ፤ በሰው ጸብ እኔ ምን በወጣኝ! ማይኩን አጠፋሁት።

«ሀጂ፣ እንግዲህ ቂምዎን ይንገሩን። የዛሬው አጀንዳ እሱ ነው።»

ዶክተር ታደሰ ግንባራቸውን ያዙ።

ሀጂ ወደ ብሩክ ዞሩ። «ይህ ልጅ የሙከራ ዘር ይዞ መጣ። ካለኝ ማሳ ደህናውን ሰጠሁት። ቤቴ በላ፣ ጠጣ። ለአጨዳ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። የተከለው ታፔላ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ እሱ የለም።»

ብሩክ አንገቱን ደፋ። «ዘሩን ዋግ መታው። እንደዚያ አሞካሽቼልዎት ምን ብዬ ልምጣ? አፈርኩ፣ ሀጂ።»

«መበላሸቱንማ እኔም አይቻለሁ፤ ማሳው ደጄ ላይ ነው። የጠበቅኩት ዘሩን አይደለም። አንተን ነው።»

ብሩክ ክቡን አቋርጦ ሄደና «አፉ ይበሉኝ» ብሎ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። ሀጂ በትከሻው ይዘው አነሡት፤ አጠገባቸውም አስቀመጡት። እኔ ሆዬ እንባዬን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፤ ምን ላድርግ!

ከዚያ መረቁ። ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ። ምርቃቱ እንዳለቀ የአዳራሹ አስተናባሪ ሰዓታችን ማለቁን ሊነግረን መጣ። በፕሮግራሙ ከተያዘው አንድም ነገር አልተነሣም።

«አሁን ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?» ብለው ዶክተር ታደሰ ጮኹብኝ። ሀጂ የዶክተሩን ክንድ ያዙ። «ዶክተር፣ የሚቀጥለው እኔ ጋ ይሁን፤ ማሳው ላይ እንቀመጣለን፣ ኢንሻአላህ። ይቺን ልጅ ይላኩልኝ።»

ዶክተር ታደሰ አላባረሩኝም፤ ቋሚም አላደረጉኝም። የሙከራ ጊዜዬን አራዘሙብኝ። ቀጣዩን ውይይት ጎሮ አደረግነው፤ ብሩክ ከሁላችንም ቀድሞ ደርሶ ታፔላው ሥር ቆሞ አገኘነው።

ዛሬ ለአዲስ አስተባባሪዎች ወንበር አደራደሩንና ማይኩን አሳያለሁ። አጀንዳ ከመጻፋቸው በፊት ግን ከሚመጡት ሰዎች ማን ማንን እንዳኮረፈ እንዲጠይቁ አዛለሁ። ሰዓት መጀመሪያ የሚያዘው ለኩርፊያው ነው።