የስድስተኛዋ ልጅ ድምፅ

በሕክምና ማዕከሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ድንገቴ» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ኮሪደሩን የሚያጸዱት እማማ ናቸው። መናገር ለሚቸግራቸው ልጆች በቡድን ሕክምና ትሰጣለች፤ ዝግጅት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም። ምን ታድርግ፣ በቀን አራት ቡድን አለባት፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያላት ፋታ ወንበር ለማስተካከልና የልጆች አፍንጫ ለመጥረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ትገባለች፣ የእጅ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ትዘረግፋለች፣ የወደቀው ሁሉ የዕለቱ ትምህርት ይሆናል። ቁልፍ። ማበጠሪያ። የእርሳስ ቁራጭ። አንድ ቀን የጆሮ ጌጥ ወድቆ ሰዓቱ በሙሉ «ጆሮ፣ ጆሮ» ሲባል አለቀ። ደግሞ ይሠምርላታል! ሳምንት ሙሉ ሥዕል ሲቆርጡና ሲለጥፉ የሚከርሙትን ባልደረቦቿን የሚያበግናቸውም ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ የሚመጡት ስድስት ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የደረሰው ልጅ ስሙን ጠርቶ ለቀጣዩ ያቀብላል። አምስቱ እየተንተባተቡም ፊደል እየዋጡም ይናገራሉ። ስድስተኛዋ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ልጅ፣ ከዓመት በፊት አባቷ የተቀበረ ዕለት አፏን እንደዘጋች ቀርታለች። እናቷ መጀመሪያ ያመጣቻት ቀን፣ «የኔ እህት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ አንዴ ብቻ ድምጿን ልስማው» ብላ ነበር። ይህች ልመና ድንገቴን ዕረፍት ነስታታለች።

ማዕከሉ በየወሩ የድምፅ ቅጂ ስለሚጠይቅ አንድ ቀን ስልኳን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ጨዋታውን ቀዳች። ልጆቹ ሲሄዱ ብቻዋን ተቀምጣ ከፈተችው። «ቁልፍ» አለ የመጀመሪያው። «ቁፍ» አለ ሁለተኛው። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ አንዲት ቀጭን የሕፃን ድምፅ፣ ጥርት ብላ፣ «ቁልፍ» አለች።

ደግማ ከፈተችው። እዚያው ክፍል ውስጥ ሆና እንዴት ሳትሰማ ቀረች? ግን ደስ ያለው ሰው መች ይመረምራል፤ ወዲያው ለእናትየዋ ደወለች።

«እህቴ፣ ተናገረችልሽ! ሐሙስ መጥተሽ በጆሮሽ ትሰሚያታለሽ።»

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ብቻ ነበር የሚሰማው።

እማማ መወልወያቸውን ተደግፈው ቅጂውን አዳመጡና ሳቁ። «ምነው ልጄ፣ ይሄማ ያንቺ ድምፅ ነው።»

«የኔ?»

«ያንቺ ነዋ! ያቺ ልጅ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ እንዲህ ትያለሽ እኮ። እኔ ደግሞ የጨዋታው ወግ መስሎኝ።»

አላመነችም። በማግስቱ ስልኩን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አቆመችው፤ ልጆቹ ሲሄዱ ማየቱ አይቀርም፣ አየችው። ማበጠሪያው ዝምተኛዋ ልጅ እጅ ገባ። የልጅቷ ከንፈር ግጥም እንዳለ ነው። ድንገቴ ግን ዓይኗ ፈዝዞ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በዚያች ቀጭን ድምፅ «ማበጠሪያ» ትላለች። ወዲያው ደግሞ ነቃ ብላ «ጎበዝ!» እያለች ታጨበጭባለች። ልጆቹም ያጨበጭባሉ። ዝምተኛዋ የምታየው ዕቃውን አልነበረም፤ የድንገቴን አፍ ነበር፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

ነገሩ አስማት አይደለም። ሳይዘጋጅ የገባ ሰው ዝምታ ያስፈራዋል። ጨዋታው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ልጆቹ ከወንበራቸው ይነሣሉ፣ እሷም ቀጥሎ የምታደርገው የላትም። ስለዚህ አንድ ቀን፣ መቼ እንደሆነ አታስታውስም፣ የልጅቷን ተራ ሞላችላት፤ ከዚያ አፏ ለመደ። እንዲህ እያለች ራሷን አጽናናች። ይሁን እንጂ ጠዋት ጥርሷን ስትቦርሽ መስታወት ውስጥ አፏን ማየት ፈራች።

ሐሙስ እናትየዋ ከቀጠሮዋ ግማሽ ሰዓት ቀድማ መጣች። ድንገቴ እውነቱን ልትነግራት ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስቱንም ጊዜ ታክሲ በቀላሉ አገኘሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሰዓቱ ደረሰ። ልጆቹ ክብ ሠሩ፣ እናትየዋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ቦርሳው ሲዘረገፍ መሐረብ ወደቀ።

መሐረቡ ዞሮ ዞሮ መስኮቱ ሥር ደረሰ። ድንገቴ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ጥርሷን ነከሰች። ምላሷ ከውስጥ ለመነሣት ሲታገላት ታወቃት። የሚቁነጠነጡት ልጆች እንኳ አልተነቃነቁም።

የልጅቷ ከንፈር ተላቀቀ። «መሐረብ» አለች።

ያቺው ድምፅ ነበረች፤ ቅጂው ላይ ያለችው፣ ቀጭኗ፣ ጥርት ያለችው። አምስቱ ልጆች እንደ ልማዳቸው አጨበጨቡ። ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሲሰሟት የከረሙት ድምፅ ናት።

እናትየዋ እጇን ዘርግታ ብድግ አለች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«የኔ ልጅ ድምጿ ሻካራ ነው» አለች። «እንደ አባቷ። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅባት ነበር። የኔ እህት፣ ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

ድንገቴ መዳፏን ከአፏ አነሣች። ሁሉንም ልትናዘዝ ቆረጠች። አፏን ስትከፍት ግን ምንም አልወጣ አለ፤ ጉሮሮዋ ባዶ ሆነባት። እናትየዋ ትጠብቃለች፣ ልጆቹ ያያሉ።

ይሄኔ ልጅቷ ዓይኗን ከድንገቴ አፍ ላይ አንሥታ አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ በዚያች ቀጭን ድምፅም የድንገቴን ተራ ሞላችላት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አለቻት፣ የገዛ እናቷን።