በጥቀርሻ የተለቀለቀው በርሜል

ስሜን ከመጻፍ እምብዛም ያላለፍኩ ሰው ነኝና፣ ብዕር ማንሳቴን ድፍረት አድርጋችሁ አትዩብኝ። ስለ አንድ ጎረቤቴ የሚጽፍ ሌላ ሰው ባጣ ነው። የተሳሳትኩትን እያቃናችሁ አንብቡልኝ።

ሰፈሩ «ብርማው» ይለዋል። ሥራው ጣራ ላይ የሚወጡ የውሃ በርሜሎችን በብር ቀለም መቀባት ነው። እሱ የቀባው በርሜል ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ ዝገትም አይደፍረው።

አውሎ ነፋስ የሰፈሩን የመብራት ምሰሶዎች ጥሎ መብራት ከጠፋ ወዲህ ግን በርሜል ላስቀባ የሚል ጠፋ። ማገዶው ሁሉ በዝናብ ረጥቦ፣ ደረቅ የቀረችው ጥቂት ለምግብ ማብሰያ ብቻ ትቆጠብ ነበር። የብርማው እናት ደግሞ መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው። ቀዝቃዛ ውሃ ከነካቸው ጣቶቻቸው ተኮማትረው አይዘረጉም። ገላቸውን ሳይታጠቡ ሰነበቱና፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ተኝታለች በሉልኝ» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ልጃቸው ይህን ሰማ።

«እማዬ፣ ፀሐይ እያለችልን ማገዶ ምን ያደርጋል? ጣራ ላይ በርሜል እሰቅልልሻለሁ» አላቸው።

ሰቀለም። ሰቅሎ ግን ዝም አላለም፤ የብር ቀለሙን ደራርቦ ቀባው። ሚስቱ ከታች ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልትድረው ነው እንዴ?» አለችው።

«እናቴ የምትታጠብበት እኮ ነው! እንደነገሩ ይቀመጥ?»

በማግስቱ ውሃ ሞላው፤ ፀሐይዋም ስታነድደው ዋለች። ወደ ማምሻው፣ ከበርሜሉ የሚወርደውን ጥቁር የውሃ ጎማ ከፍቶ መዳፉን ደቀነ። ውሃው ፈጀው።

«ተቃጠልኩ! ተሳካ! በይ እናቴን አምጪያት!» ብሎ በደስታ ዘለለ።

ሚስቱ አማቷን ደግፋ ሳፋ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ጎማውን ጀርባቸው ላይ ስትለቀው ለአፍታ ለብ ያለ ወረደ፤ ወዲያው ግን በረዶ የመሰለ ውሃ ተከተለ። የአሮጊቷ ጩኸት ውጭ ድረስ ተሰማ።

«ልትገድላቸው ነው!» እያለች ሚስቱ ወጣች።

«ፈጅቶኝ ነበር እኮ፣ እውነቴን ነው!»

«የፈጀህ ጎማው ውስጥ የነበረው ነው። ጎማው ጥቁር ስለሆነ ፀሐይ ይጠጣል። ያንተ በርሜል ግን እንደ መስታወት እያብለጨለጨ ይመልሳታል። አጥቁረው!»

«ጥቁር በርሜል? በእኔ በብርማው ጣራ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እሺ፣ ሰው መጥቶ እናትህን ይጠብልህ!»

ብርማው ወደ ውስጥ ገባ። እናቱ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ልጃቸው እንዳያዝን ብለው፣ «ቀለሙ ግን እንዴት ያምራል! በመስኮት አየሁት እኮ» አሉት። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥቁር ቀለም ቤቱ ገብቶ አያውቅም። ሲነጋ የድስቶቹን ቂጥ ፍቆ፣ ጥቀርሻውን በዘይት ለውሶ መሰላል ወጣ። ያን የሚያበራ ሥራውን በጨርቅ ሲለቀልቀው የገዛ ፊቱን የሚያጠቁር መሰለው።

አንድ አላፊ ጎረቤት ቀና ብሎ፣ «ብርማው! ከሰል ልትነግድ ነው?» አለው።

«ገና አመድ እነግዳለሁ፤ አንተ መንገድህን ሂድ!»

ከሰዓት በኋላ በጎማው አልተታለለም። ባልዲ ሙሉ አስወርዶ ክንዱን እስከ ክርኑ ነከረ። ሞቋል። ደግሞ ሌላ ባልዲ አስወረደ፤ እሱም ሞቋል።

ሚስቱ እናቱን ስታጥብ፣ እሱ ከተዘጋው በር ውጭ ጥቀርሻ የወረሳቸውን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ከውስጥ፣ «ጨምሪልኝ ልጄ... እዚህ ትከሻዬ ላይ... እሰይ!» የሚለውን የእናቱን ድምፅ እየሰማ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር። ታጥበው ሲወጡ በተዘረጉ ጣቶቻቸው አገጩን ያዙት።

«በሩን ክፈቱት፤ ጠያቂ ከመጣ ይግባ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ብርማው ከቤተሰቡ ቀድሞ ተነሳ። ዝናብ ጥቀርሻውን እንዳያጥበው ፈርቶ፣ ከሥራ ባልደረባው ጥቁር ቀለም ለምኖ አመጣና በርሜሉን እንደ ወጉ ቀባው። ሲጨርስ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ቀጭኗን ብሩሽ ከኪሱ አውጥቶ፣ በክዳኑ ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነች የብር መስመር አሰመረ።