ማይኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኩም፣ ለፓስተራችን አልነገርኩም። ለጌታ እንኳ ስጸልይ "በደሌን ሁሉ" እያልኩ በጅምላ ነው ያለፍኩት። ዛሬ በዝርዝር ልናገር። በእህቴ ሰርግ ላይ ጋሽ መኩሪያ ሲመርቁ ማይኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ያኔ እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ አንድ መሥሪያ ቤት እየሠራሁ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ዲግሪ እማር ነበር። በሳምንት አራት ቀን ሥራ፣ አንድ ቀን ክፍል። እንዲህ እየሠራ የሚማረውን አፕረንቲስ ይሉታል። ትምህርቱን ለማለፍ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ራሴ የመራሁት ፕሮጀክት ማቅረብ ነበረብኝ። መሥሪያ ቤቱ ግን የስብሰባ ማስታወሻ ከማስያዝ በቀር የሚያስመራኝ ነገር አልነበረውም። ምን ላድርግ? እህቴ ልታገባ ነው። ሰርጓን ፕሮጀክት አደረግሁት።

ሲልቨር ስፕሪንግ የተከራየነውን አዳራሽ፣ ሚዜዎቹን፣ ኬኩን፣ ሁሉን ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባሁ። አክስቶቼን "ባለድርሻ አካላት" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የስጋት መዝገብ የሚባል አለ፤ ምን ሊበላሽ ይችላል፣ ቢበላሽስ ምን ይደረጋል የሚል። መጀመሪያ የጻፍኩት ዝናብ እንዳይመስላችሁ። "ጋሽ መኩሪያ። የመከሰት ዕድል፦ ከፍተኛ። መፍትሔ፦ ማይኩን ማጥፋት" የሚል ነው።

ጋሽ መኩሪያ ማን ናቸው? ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ኤርፖርት የተቀበሉን፣ ዊተን ካለው ቤታቸው ሥር፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ሁለት ዓመት ያኖሩን፣ መኪና መንዳት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኒህን ሰው ነው ስጋት ያልኳቸው። እርግጥ ነው፣ ንግግር ከጀመሩ ቶሎ አይጨርሱም። እኔስ ቤታቸው ገብቼ ቶሎ ወጣሁላቸው?

አራት ደቂቃ መደብኩላቸው። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አመጣጣችንን ሲተርኩ ገና ከኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ አልወጡም፤ የእህቴን ሻንጣ እየጫኑ ነበር። ሰው ይስቃል፣ እህቴ ታለቅሳለች፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ድምፁን የሚቆጣጠረው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ዳዊት ውሃ ሊጠጣ ዞር ሲል እጄን ሰደድኩና አጠፋሁት። እኔው፣ በገዛ ጣቴ። ጋሽ መኩሪያ ማይኩን መታ መታ አድርገው "ይሰማል?" እያሉ ወደ እኔ አዩ። እንዳዘነ ሰው ራሴን ወዘወዝኩ። ወረቀታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ፕሮግራሙ በሰዓቱ አለቀ። በተረፈው ጊዜ ምን ሠራንበት? ምግቡ ስላልሞቀ ባዶ ሳህን ይዘን ተሰልፈን ቆምን።

ጥፋቱ ዳዊት ላይ ወደቀ። ሄርንደን በኩል ካለው ሥራው በቀጥታ መጥቶ በነጻ ያገለገለን ልጅ ነው። ቼክ አድርጌዋለሁ ቢል ማን ይስማው? የሽማግሌ ምርቃት ያቋረጠ ተባለ፤ በቤተ ክርስቲያንም የድምፁን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጡበት። እኔ "ስጋቱ ተወግዷል" ብዬ ጽፌ አስገባሁ። አስተማሪዬ በጣም ወደደው። ክፍሉ ፊት ሲያነበው፣ ይሄ ጋሽ መኩሪያ የሚባለው የድምፅ መሣሪያ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ አሮጌ ነው አልኩት። ይህንንም አልኩ።

በሳምንቱ ጋሽ መኩሪያን ከሐኪም ቤት ወደ ዊተን ስመልሳቸው ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

"ልጄ፣ ያን ዕለት አንተን ሳልመርቅ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ ከእህትህ ቀጥሎ ያለኸው አንተ ነበርክ።"

ቤታቸው በር ላይ መኪናውን ሳቆም እዚያው መረቁኝ። ዲግሪዬን፣ ትዳሬን፣ ገና ያልወለድኳቸውን ልጆች ተራ በተራ። እንባዬ መጣ፣ አፈርኩ። አሁንስ ልናገር ብዬ ዞር ስል ጨመሩበት።

"ያን ዳዊትንም ጌታ ማስተዋል ይስጠው። ልጁ ግዴለሽ ነው።"

አሜን አልኩ።

ማይኩን ለማጥፋቴ ሰበብ ሞልቶኛል፤ ትምህርት ነበረብኝ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ሰዓቱ ሄዶ ነበር። ለዚያ አሜን ግን ምንም ሰበብ የለኝም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ዳዊት ድምፁን ከተቀማ ወዲህ እሁድ እሁድ የሚቀመጠው እኔ አጠገብ ነው። እስካሁን አልነገርኩትም።